ቡታን እንጂ ቡታንታ አይደለም

እኔ አገር ውስጥ በሌለሁበት፣ ሳልጠየቅና ሳልሰማ፣ ሱቄ መሃል የችፑድ ግድግዳ ቆሟል። ያቆመችው ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ በር የተጋራችኝ ጓደኛዬ ከድጃ ናት። ምክንያቷ ደግሞ፣ “በለጡ የልጅ ልጅ ባየችበት ዕድሜዋ የእኔን ሸቀጥ ልትነጥቀኝ ባሕር ተሻግራ ቡታንታ ልታመጣ ሄደች” የሚል ነው። በለጡ እኔ ነኝ። ይህ በደል ነው። ግድግዳው በትክክል መሃል ላይ እንኳ አልቆመም፤ አንድ ስንዝር ወደ እኔ ገብቷል። ይህ ሁለተኛ በደል ነው። ሁለቱም ተጽፈው ይቀመጡልኝ ብዬ የሚጽፍልኝ ስፈልግ ሁሉም እየሳቀ አስቸገረኝ። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ሱቃችን መርካቶ፣ ወደ ሰባተኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስትገቡ በግራ በኩል እኔ ነኝ፤ ክር፣ ዚፕ፣ መርፌ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ላስቲክ። በቀኝ ከድጃ ናት፤ ቡታንታ፣ ካልሲ፣ ካናቴራ። የቡታንታው ላስቲክ የላላበት ሰው ወይ ከእሷ አዲስ ይገዛል፣ ወይ ከእኔ ላስቲክ ገዝቶ ይቀይራል። በዚህ እንኳ ተጣልተን አናውቅም። እሷ ለጁምዓ ስትሄድ እኔ ቡታንታ እሸጣለሁ። እኔ ለኪዳነ ምሕረት ስሄድ እሷ ዚፕ ትሸጣለች። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለሜትርና ለክርክር በቂ ነው።

በዚያ ሁሉ ዓመት ሁለታችንም ለመዝናናት ብለን የትም ሄደን አናውቅም። ከመርካቶ የምንወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ እኔ ለመስቀል እሷ ለአረፋ አገር ቤት ለመግባት ነው። እሱም ቢሆን ተሸክመን ሄደን ተሸክመን የምንመለስበት ነው።

የልጄ ልጅ ሜሮን ግን ሥራዋ ሌላ ነው። ሰዎች ለሽርሽር ወደ ውጭ ሲሄዱ ሆቴልና አውሮፕላን የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሁድ ቤት መጥታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

“እቴቴ፣ ያ ኢየሩሳሌም እሄድበታለሁ ብለሽ ያወጣሽው ፓስፖርት አላለቀም አይደል?”

“አላለቀም። ምን ሊያደርግልሽ ነው?”

“ቢሮአችን አንድ አገር ተጋብዟል። አይተን መጥተን ለደንበኛ እንድንሸጠው።”

“አገር መሸጥ ጀመራችሁ?”

“ጉዞውን ነው እቴቴ። ለሁለት ሰው ነው የተጋበዝነው። አለቃዬ እግሩን ታመመና ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂ አለኝ።”

“እኔ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?”

“ምንም።”

“ምንም ላልሠራ ነው አውሮፕላን የምሳፈረው?”

“አዎ። መዝናናት ይባላል።”

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ምንም አለመሥራት ደግሞ ምን ያህል ሊከብድ ነው ብዬ እሺ አልኳት። በነጋታው ሱቅ እንደገባሁ መጀመሪያ የነገርኩት ለከድጃ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከሰው ሁሉ በፊት ለእሷ ነው የነገርኩት።

“ልዝናና ልሄድ ነው” አልኳት።

ካልሲ እያጣመረች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። “የት?”

“ውጭ አገር። ስሙን ልጅቷ ናት የምታውቀው።”

“አንቺ?”

“እኔ።”

“ልትዝናኚ?”

“ምነው?”

“ምንም። አንቺ እኮ ሠርግ ተጠርተሽ ሄደሽ ወጥ የሚያወጡትን ሴቶች ስታሰልፊ የምትውይ ሰው ነሽ” አለችና ሳቀች። ሳቀች እንጂ አላመነችኝም።

ከሰዓት በኋላ ሜሮን ደውላ የአገሩን ስም ነገረችኝ። እንዳይጠፋብኝ “ቡታን፣ ቡታን” እያልኩ ከሱቅ ስወጣ ፊት ለፊታችን ሻንጣ የሚሸጠው ደሊል ያዘኝ። ደሊል ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጆሮው የሰማውን አፉ አያሳድርም። ጥቅልል ጨርቅ የጫነ ጋሪ በመካከላችን እያለፈ ነበር፤ ገፊው “ዞር በሉ፣ ዞር በሉ” እያለ ይጮሃል።

“እትዬ በለጡ፣ ጉዞ አለ ሲሉ ሰማሁ። ወዴት ነው?”

“ቡታን።”

“ምን?”

“ቡታን።”

“ቡታንታ?”

“ቡታን ነው የምልህ።”

“እሺ፣ ቡታንታ። ከየት ነው እሱ? ከቻይና?”

እኔ ደግሞ ስለ አገሩ እየጠየቀኝ መሰለኝ። “ቻይና አጠገብ ነው። ከቻይናው ግን በጣም ይለያል አለችኝ ልጅቷ።”

ደሊል ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ከቻይናው ይለያል?”

“በጣም እንጂ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ገና አልተነካም።”

“ገና አልተነካም” ብሎ ቀስ ብሎ ደገመው፤ ልክ እንደ ጸሎት።

“ለንግድ እኮ አይደለም የምሄደው። ለመዝናናት ነው።”

“ገብቶኛል” አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ። “እኔ ምንም አልሰማሁም። ትልቁን ሻንጣ ነው የምሰጥዎት።”

መርካቶን ለማታውቁ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ዕቃ ከየት እንደመጣ አይነገርም። ዱባይ ተራ ገብታችሁ “ይህ ጫማ ከየት ነው የመጣው?” ብትሉ ባለሱቁ ጣሪያ ጣሪያውን አይቶ “ይመጣል” ይላችኋል፤ ሌላ አይጨምርም። ውጭ አገር ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ ለሕክምና የሄደው እንኳ ሲመለስ ሁለት ሻንጣ ጫማ ይዞ ይገባል። ስለዚህ “ለንግድ አይደለም” ማለት በእኛ ሰፈር ቋንቋ “እጅግ ትልቅ ንግድ ነው” ማለት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን እውነት ስናገር እውነት ተናገረች ይሉኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰዉ አኳኋን ተለወጠ። ከላይ ፎቅ ላይ ያለችው ጅምላ ሻጭ ወርዳ እጄን ጨበጠችና “እትዬ፣ የልጆች ካለው እኔን እንዳይረሱ” አለችኝ። የልጆች ምን ብላት “ይገባኛል፣ ይገባኛል” ብላ ሄደች። አንዱ ተሸካሚ መጣና “እትዬ፣ ሲገባ እኔ ነኝ የማወርደው፣ ለሌላ እንዳይሰጡብኝ” አለኝ። ሻንጣዬን ከታክሲ ሊያወርድልኝ መስሎኝ መረቅኩት። ሌላዋ ደግሞ ወረቀት ውስጥ የጠቀለለችውን ነገር በእጄ አስጨበጠችኝ፤ ብፈታው የሕፃን ቡታንታ ነው። “እንዲህ ዓይነቱ ቶሎ ይሄዳል” አለች። ለየትኛው ሕፃን እንደሆነ አልገባኝም፤ ላይ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ከድጃ ያን አየች። ቀኑን ሙሉ ካልሲ ስትደረድር ዋለች። የመሄጃዬ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ወደ እኔ ዞረች።

“ሌላ የምትነግሪኝ ነገር የለም?” አለችኝ።

አሰብኩ። “ላስቲክ ስትለኪ አትሳቢው። ስበሽ ለክተሽ ስትለቂው አጭር ይሆንና ደንበኛ ይጣላኛል።”

“እሺ” አለች። “በሰላም ግቢ።” ስትለኝ ግን ዓይኗ ካልሲው ላይ ነበር።

ቡታን በህንድና በቻይና መካከል፣ ተራራ ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ አገር ናት። አውሮፕላኑ በሁለት ተራራ መሃል እየተጣመመ ሲወርድ ክንፉ የሰው ጓሮ ጎመን የሚያጭድ መሰለኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ፈረንጅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እኔ ግን ከፍቼ ነው የወረድኩት። ብሞት እንኳ ምን እንደገጨን ማወቅ አለብኝ።

አየር ማረፊያው ላይ ዶርጂ የሚባል አስጎብኚ ተቀበለን። ቀሚስ የመሰለ ልብስ በመቀነት አስሮ ነበር፤ ወንዶቹ በሙሉ እንዲሁ ናቸው። ከሥሩ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ይስቡታል። ሻንጣችንን ይዞ ወደ መኪናው ሲሮጥ ካልሲውን አየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። “ይሄን ከድጃ ብታየው” አልኩ። ይህ በዚያ አገር የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ዶርጂ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ሜሮን ታስተረጉማለች። በመኪና ስንሄድ “መንግሥታችን የሕዝቡን ደስታ ይለካል” አለ።

“በምን ነው የሚለካው በይው” አልኳት።

“ሰዎችን በመጠየቅ ነው ይላል።”

“ሰው ስለ ደስታው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል?”

ዶርጂ ሲተረጎምለት ትንሽ አሰበ። “አንዳንዱ” አለ። ከዚያ በኋላ ወደድኩት።

በዋና ከተማቸው የትራፊክ መብራት የለም። መንገዱ መሃል ባለች ያሸበረቀች ጎጆ ውስጥ ነጭ ጓንት ያደረገ ፖሊስ ቆሞ፣ እጁን እንደ እስክስታ እያወናጨፈ መኪናውን ያሳልፋል። መኪናውም እሺ ብሎ ይቆማል። ሜሮን “አያምርም እቴቴ?” አለችኝ። ያምራል። ግን ያንን ሰውዬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ግማሽ ቀን ቢያቆሙት ጓንቱን አውልቆ ለታክሲ ረዳት ሰጥቶ አገሩ ይገባል።

ምሳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ። አገሩ የሚበላው ቃሪያ በአይብ ነው። ቃሪያው ማጣፈጫ አይደለም፤ ወጡ ራሱ ነው። ለእኛ ግን ነጭ ሩዝና የተቀቀለ ካሮት አመጡልን፤ ቃሪያውን ለዶርጂ ብቻ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኩ።

“ለእንግዳ ይከብዳል ብለው ነው” አለች ሜሮን።

“አንድ ገበታ ላይ ለእሱ ሌላ ለእኔ ሌላ? አምጡ በያቸው።”

“እቴቴ፣ በጣም ያቃጥላል አለ።”

“እኔ በርበሬ ሲወቀጥ ያደግሁ ሰው ነኝ በይው።”

መጣ። ጎረስኩ። ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ለጥቂት ጊዜም ድምፅ አልነበረኝም። እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ ወረደ። ዶርጂ በሐዘን አየኝ። “ጉንፋን ይዞኝ ነው በይው” አልኩና ሳህኑን ጨረስኩ። እኩል መብላት የጠየቀ ሰው እኩል መጨረስ አለበት። ኋላ ያመጡልን ሻይ ግን ቅቤና ጨው ያለበት ነበር። አገር ቤት እናቴ ቡናውን እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ሜሮን አፍንጫዋን ይዛ ስትተወው የእሷንም ጠጣሁት።

በማግስቱ ከከተማ ወጥተን አንዲት መንደር ስንደርስ ነው የደሊል የድምፅ መልእክት በሜሮን ስልክ የገባው። ከድጃ የምትይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ከሰፈር መልእክት የሚመጣው በደሊል በኩል ነው።

“እትዬ በለጡ፣ እንዴት ነው ዕቃው? እዚህ ሰው በጉጉት እየጠበቀ ነው። ብቻ እትዬ ከድጃ ቅር ብሏቸዋል። ቡታንታ የእኔ መስመር ነው፣ እሷ ቡታንታ ካስገባች እኔ ምን ልሸጥ ነው እያሉ ናቸው። እንዲያውቁት ብዬ ነው።”

ሁለቴ አስደገምኩት። “ምን ቡታንታ ነው የሚለው?” አልኳት ሜሮንን። ሜሮን ቀድሞ ገብቷት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሲገባኝ እኔ አልሳቅሁም። ከድጃ እኔን ሌባ ብላኛለች ማለት ነው። የሰው መስመር መንካት በእኛ ዘንድ ኪስ ከመግባት ይብሳል። ያውም የጓደኛ።

“ስልኩን አምጪው” አልኳት።

አሁን የቆምንበትን ቦታ መናገር ግድ ሆነብኝ። በዚያች መንደር በየቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በነጭ ኖራ ላይ በደማቅ ቀለም፣ ትልልቅ የወንድ ነገር ተሥሏል። ሌላ መናገሪያ የለኝም። አንዳንዱ ሪባን ታስሮለታል። ሜሮን በመጀመሪያ ፊቴ ቆማ ልትጋርደኝ ሞክራ ነበር፤ ግን መንደሩን በሙሉ መጋረድ አልቻለችም። ዶርጂ ቀላ ብሎ “ክፉ ዓይን ለመከላከል ነው” አለ። እንግዲህ ክፉ ዓይን ይህን አይቶ ቢያፍር ምን ይደንቃል።

እዚያ ቆሜ ነው መልሴን የላክሁት። ያልኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። “ደሊል፣ ቡታን የአገር ስም ነው። ቡታንታ ልብስ ነው። እኔ ያለሁት አገሩ ውስጥ ነው እንጂ ልብሱ ውስጥ አይደለም። ይህን ለከድጃ አንድ በአንድ ንገራት።” እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበርና ጨመርኩ። “እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ አገር ቡታንታ በብዛት ያስፈልጋል። ያላደረገው ብዙ ነው።”

“እቴቴ፣ የመጨረሻዋን ላጥፋት?” አለች ሜሮን።

“ውሸት ናት?”

“አይ፣ ውሸትስ አይደለችም።”

“እንግዲያው ትሂድ።”

ሄደች። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። መልሱ የመጣው ገደል ላይ ወደተሠራ አንድ ገዳም ልንወጣ ከተራራ ሥር ስንቆም ነው። ደሊል እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው።

“እትዬ፣ አሁን ገብቶኛል። ለካ ሊያስገቡ ሳይሆን ሊልኩ ነው። ኤክስፖርት ነው። መልእክትዎን ለሰፈሩ ሁሉ አሰምቻለሁ፤ ሁሉም ተደንቋል። እትዬ ከድጃ ግን ለእኔ ሳትነግር አገር ሙሉ ገበያ አገኘች ብለው አናጢ ጠርተዋል። የየራሳችን ይለይ ነው የሚሉት። ችፑዱ ገብቷል።”

ሜሮን በዚህኛው አልሳቀችም። እኔም በዚያው ልመለስ አልኳት። አውሮፕላን የለም አለችኝ። ደውዪላት አልኳት። ተደወለ፤ አይነሣም። ከድጃ ስልክ የማታነሣው በጣም ስትናደድ ነው፤ ስትናደድ ደግሞ አትጮህም፣ ዕቃ ትደረድራለች። ሠላሳ ዓመት ያለ ግድግዳ የኖረ ሱቅ አሁን እየተከፈለ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ፈረስ እየተመረጠልኝ ነው።

ፈረሱ ላይ ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድን ፈረሱ ቆመ። ባለቤቱ ሳበው፣ እምቢ አለ። ገፋው፣ እምቢ አለ። እኔ ተሸካሚ ሲደክመው አውቃለሁ፤ አንገቱ ይናገራል። ይህም አንገቱ ወርዷል።

“ስንተኛ ጊዜው ነው ዛሬ ሲወጣ ብለሽ ጠይቂው” አልኳት።

ሰውዬው መልሱን ሲያድበሰብስ ጊዜ ወረድኩ። “ሰውም ከብትም ተጭኖ ተጭኖ ያርፋል። እኔም አርፋለሁ፣ እሱም ይረፍ” አልኩና ዳገቱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈረሱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፊት ለፊታችን ገዳሙ ገደሉ ላይ እንደ ማኅተም ተለጥፏል፤ ሥሩ ደመና ነው። በንዴት እየተንተከተክሁ ለከድጃ ምን እንደምላት ሳሰላ ፈረሱ ሻርፔን ከትከሻዬ ስቦ ማኘክ ጀመረ። ብጎትት ጎተተ። “ልቀቅ፣ የሰው ንብረት ነው” ስለው ዓይኔን እያየ አኘከ። ለክርክር የሚመቸኝ እንስሳ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ያኔ ሳቅሁ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። እጄን ባየው ባዶ ነው። ሜትር የለበትም፣ መቀስ የለበትም፣ ክር የለበትም። የሚጠራኝ ደንበኛ የለም። ባዶ እጄን አይቼው የማላውቅ ይመስል አየሁት። እያዘንኩ ነበር እኮ፤ እያዘንኩም ሳቁ አልቆም አለኝ። ሜሮን ፎቶ አነሣችኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ ወደ ቤት ሂጂ ብትለኝ እምቢ ብዬ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ መርካቶ ገባሁ። ግድግዳው ቆሟል። ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓዳው፣ ቀጥ ብሎ። በሩ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መግባት አይችልም። ገና ሰላም ሳልል በስንዝሬ ለካሁት፤ የተረፈውን ነግሬያችኋለሁ።

ሰዉ ተሰበሰበ። ደሊል፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጅምላ ሻጭ፣ ያ የመረቅኩት ተሸካሚ ሳይቀር መጣ። ከድጃ ከችፑዱ ወዲያ ናት፤ ካልሲ ስትደረድር ይሰማኛል።

“ሁላችሁም እዩ” አልኩና ሻንጣውን መሬት ላይ ከፈትሁት። የደረቀ ቃሪያ። ጥርስ የሚሰብር የደረቀ አይብ። ሹራቤ። ደሊል ጎንበስ ብሎ ከሥር አንድ ነገር በሁለት ጣቱ አነሣና ወደ ብርሃን ዘረጋው።

“ናሙናው ይሄ ነው?” አለ።

“የራሴ ነው። አስቀምጥ።”

አስቀመጠ። ጅምላ ሻጯ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ተሸካሚው ጭነት እንደሌለ ሲያይ አዝኖ ሄደ። ከችፑዱ ወዲያ ድርደራው ቆመ። ከድጃ ዞራ በበሩ መጣችና ሻንጣውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ሌላው የት ነው?”

“ሌላ የለም።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?”

“ልዝናና። ነግሬሻለሁ። ቡታን የሚባል አገር።” ሜሮን ስልኳን ዘረጋችላት። ፖሊሱን አየች፣ ተራራውን አየች፣ የወንዶቹን ካልሲ አስፍታ አየች። ግድግዳዎቹን ሜሮን በፍጥነት አሳለፈቻቸው። ከዚያ ፈረሱ መጣ። ከድጃ እዚያ ላይ ቆየች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ፈረስ ነው። ሻርፔን የበላው።”

“ፈረሱን አይደለም። አንቺን ነው። ይሄ አሳሳቅ የማን ነው?”

“የእኔ ነዋ።”

“እኔ አላውቀውም” አለች። ስልኩን ለሜሮን መለሰችላት። “በለጡ፣ ቡታንታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ንግድ ከሆነ ሰው ለእንጀራው ይሮጣል ብዬ ቀስ እያልኩ እተወው ነበር። አንቺ ግን የእውነትሽን ነው የሄድሽው። እኔን እዚህ ላስቲክ አስለክተሽ ደመና ላይ ተቀምጠሽ ስትስቂ ነበር።” ብላ ወደ ችፑዱ ወዲያ ተመለሰች።

ደሊል ብቻውን “እንግዲህ ኤክስፖርትም የለም ማለት ነው” አለ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ ፍረዱ። ማስረጃዬን አቅርቤ ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ፤ በንጹሕነቴ የባሰ ተጠላሁ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሁንም ተበድያለሁ እላለሁ። ሰው ሳይጠየቅ ግድግዳ አይሠራበትም፤ የሚሠራም ከሆነ እኩል ይለካል። ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የማስበው ሌላ ነው። ከድጃ ጋር የእኔን ጾምና የእሷን ረመዳን፣ ልጅ ድረን ለቅሶ ደርሰን ሁሉን እኩል ተካፍለናል። ያልተካፈልነው አንድ ነገር ቢኖር እረፍት ነው፤ እሱ ደግሞ ስላልነበረን ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ለእኔ ብቻ መጣ። እኔም ለሁለት ይከፈላል ብዬ አላሰብኩም፤ ካሮት ሲሰጡኝ ግን ገበታ ላይ ተከራክሬ ነበር። እናንተም አጠገባችሁ የምትሠራ ሰው ካለች አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩዋት። አሳሳቋን ታውቁት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሱቁ እንደተከፈለ ሰነበተ። እኔ ባልነበርኩበት ከእሷ ላስቲክ የገዛ ደንበኛ መጥቶ ጠበቀኝ ሲል “ለዚያች ሴትዮ ንገራት” ትለዋለች። እኔም “ለላከችህ ሴትዮ፣ ሳትስቢ ለኪ ብዬሽ ነበር በላት” እለዋለሁ። ደንበኛው ግራ ገብቶት በአንዱ በር ገብቶ በአንዱ በር ይወጣል፤ በሩ አንድ መሆኑን ረስቶ።

ባለፈው ሐሙስ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ችፑዱን በጣቴ አንኳኳሁ።

“ከድጃ።”

“ምን ፈለግሽ?”

“ይሄ ነገር አንድ ስንዝር ወደ እኔ ገብቷል።”

“አውቃለሁ።”

“አውቀሽ ነው ያደረግሽው?”

“አውቄ ነው።”

ጆሮዬን ችፑዱ ላይ አደረግሁ። ካልሲ አልተደረደረም።

“እሺ፣ መቼ ነው የሚነሣው?” አልኳት።

ችፑዱ ሥር አፏን አስጠግታ መለሰችልኝ።

“እኔም ሄጄ፣ አንቺ እዚህ ቡታንታዬን ሸጠሽልኝ፣ ስቄ ስመለስ።”